የማርሽ ባለቤት ይጠየቅ

«ውሻው ወንድ ነው።»

አካኮ ጎልቻ ይህን የተናገሩት ከወንበራቸው ተነስተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው ነው። እሑድ ከሰዓት ነበር። አዳማጮቹ ልጃቸው ደሚቱና የልጅ ልጃቸው ጄን ናቸው። ጉዳዩ የሚመለከተው ውሻ ጠረጴዛው ሥር ተኝቶ የተቀደደ ጆሮውን ያክካል።

«አባ፣ ሦስት ዓመት አብሮን ኖሯል» አለች ደሚቱ። ሰሐን እያጠበች ስለነበር ዘወር አላለችም። «ዛሬ ነው ያዩት?»

«ማየትማ ድሮ አይቻለሁ። ዛሬ ግን ሊነገር ይገባል።»

ሊነገር የተገባው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ማርሽ አራት ቀን ጠፍቶ በዚያው ጠዋት ተመልሷል፤ ጆሮው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ የኋላ እግሩ ላይ የጥርስ ምልክት ይዞ። ማርሽ ነጭና ቡናማ፣ ቁመቱ ከሻይ ማንቆርቆሪያ ብዙም የማይበልጥ ውሻ ነው። ቄራው አካባቢ የሚዞሩት ውሾች ደግሞ ጥጃ ያክላሉ። የሚቀጥለው ንክሻ አንገቱ ላይ ከሆነ ተመልሶ የሚመጣ ውሻ አይኖርም። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ።

ሁለተኛ፣ ያን ዕለት ጠዋት አንዲት ፒክአፕ ድምፅ ማጉያ ጭና በየሰፈሩ ዞራ ነበር። ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ከከብት ገበያው ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ውሾች በነጻ ይከተባሉ፤ ወንዶቹም በነጻ ይኮላሻሉ። ማስታወቂያው የተነገረው በሦስት ቋንቋ ነው። በአማርኛው ላይ ተናጋሪው ቸኩሎ «የፈለገ በነጻ ይኮላሻል» ስላለ፣ በደሚቱ ሻይ ቤት የነበሩት ሾፌሮች ሻያቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

ደሚቱ አልሳቀችም ነበር። አሁንም አልሳቀችም።

«ይኮላሽ» አለች። «ነገውኑ። የሚዞር ወንድ መጨረሻው ይሄው ነው።»

«ወንድ ይዞራል» አሉ አካኮ። «ዞሮ ዞሮ ይመጣል።»

«ይመጣል?»

ደሚቱ ንጹሕ የሆነውን ሰሐን እንደገና አጠበችው።

«እኔ ጎልቦ ሜዳ ላይ አርባ ዓመት ወይፈን አኮላሽቻለሁ» አሉ አካኮ። «ፍየልም፣ ግመልም። ግን አንድም ቀን ባለቤቱ ሳይናገር ቢላ አላነሳሁም። ባለቤቱ ሩቅ አገር ከሆነ ይላክበታል። መልሱ እስኪመጣ ወር ቢፈጅም ከብቱ ይጠብቃል። ሳይጠየቅ የሚኮላሸው የሞተ ሰው ከብት ብቻ ነው። ያኔ ወራሽ ይወስናል።»

የደሚቱ እጅ ውኃው ውስጥ ቆመ።

«እሱ ስለ ወይፈን ነው» አለች።

«ባለቤት ባለቤት ነው። ውሻ ስለሆነ ግማሽ ባለቤት አይኖረውም። ውሻውን ያመጣው ሾፌሩ ነው፤ ሾፌሩ ይጠየቅ።»

ሾፌሩ ማለት የጄን አባት ኪዳነምሕረት ነው። ማርሽን ከሐዋሳ በጋቢናው ይዞት የመጣው እሱ ነው። ቡችላው መንገዱን ሙሉ የመኪናው ማርሽ ሥር ተኝቶ ስለመጣ ስሙም ማርሽ ሆኖ ቀረ።

«እሺ» አለች ደሚቱ። «ሲደውል እጠይቀዋለሁ።»

«ጠይቂው።»

ከዚያ ሁለቱም ጠረጴዛው ሥር ያለውን ውሻ አዩ። ጄን ሁለቱንም አየች።

ኪዳነምሕረት ዛምቢያ ድረስ ጭነት የሚያመላልስ ሥራ አገኘሁ ብሎ ከሄደ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። መጀመሪያ በየእሑዱ ይደውል ነበር። ቀጥሎ በበዓል በበዓል። ቀጥሎ ስልኩን አንዲት ሴትዮ ማንሳት ጀመረች፤ ደንበኛው እንደማይገኝ በጣም በትሕትና ትናገራለች፤ ቀን ከሌት ያው ናት።

በእነጄን ቤት ግን ኪዳነምሕረት መደወሉን አላቆመም። የሚደውለው ሁልጊዜ ሌላው ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። ጄን ትምህርት ቤት ስትሆን ለደሚቱ ይደውላል፤ ደሚቱ ሻይ ቤት ስትሆን ለአካኮ ይደውላል። ሰላም በሉልኝ ብሏል፤ ኔትወርኩ አስቸግሮት ነው፤ ሥራው አልለቅ ብሎት ነው። ጄን ለተወሰነ ጊዜ አምና ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ታዘበች። ለእናቷ ሲደውል ስለ ሒሳብ ውጤቷ የሚጠይቀው አባቷ፣ ለአካኮ ሲደውል የሚጠይቀው ስለ ሣርና ስለ ዝናብ ነው። ኪዳነምሕረት በሕይወቱ ሣር ትኩር ብሎ አይቶ አያውቅም።

ያወቀችውን ለማንም አልተናገረችም። እንዲያውም ለገና እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሽንኩርት ሳይኖር ዓይኗን ስትጠርግ አይታ፣ «እማ፣ ቅድም አባባ ደውሎልኝ ነበር፤ እንኳን አደረሳችሁ ብሏል» አለቻት። ደሚቱ «ተመስገን» አለች። በየትኛው ስልክ እንደደወለ አልጠየቀችም። ጄን ስልክ የላትም።

ሰኞ ጠዋት ኪዳነምሕረት ደውሎ ተገኘ።

«ይኮላሽ ብሏል» አለች ደሚቱ ሻይ እየቀዳች። «ዛሬ ነገ ሳትሉ ውሰዱት አለ። አንጀቱ ነው የተላወሰው ስለ ጆሮው ስነግረው።»

አካኮ ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው ቀስ ብለው አላመጡ። «ለእኔም ደውሏል» አሉ።

«መቼ?»

«ቅድም። አንቺ ውኃ ስትቀጂ።»

«ምን አለ?»

«ዝናቡ ይለፍ አለ። በዝናብ ጊዜ ዝንብ ይበዛል፤ ቁስሉ ላይ እንቁላል ይጥላል፤ ትል ይሆናል። ሰኔ ላይ ይሁን አለ።»

ደሚቱ አባቷን አየች። አባቷም አዩዋት። ዋሹ ብትላቸው አንቺስ ይሏታል። እሳቸውም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለቱም ለኪዳነምሕረት አዘኑለት።

«ሐሳቡን ይቀያይራል» አለች ደሚቱ።

«ድካም ነው» አሉ አካኮ። «የሩቅ መንገድ ሰውን እንዲህ ያደርጋል።»

ጄን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በከብት ገበያው በኩል ዞረች። ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ሰዎች ውሻቸውን በገመድ፣ በሻሽ፣ አንዱማ በቀበቶው አስረው ተሰልፈዋል። ሐኪሙ ጌድዮን ይባላል፤ ሰው ሁሉ የሚጠራው ዳክታሪ እያለ ነው። ሱሪው እየወረደበት በአንድ እጁ ያነሳል።

«ዳክታሪ፣ ትንሽ ውሻ ያማል?»

«ይተኛል። ሲነሳ አልቋል። ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሦስት ዓመት።»

«ጥሩ ጊዜ ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምግብ አይቅመስ፤ ነገ ጠዋት አምጪው። ከዚያ አሥር ቀን ቁስሉን እንዳይልስ መጠበቅ ነው።»

«ዝንብስ?»

«መድኃኒት እንረጭበታለን። ማነው ስለ ዝንብ የነገረሽ?»

«አያቴ።»

«አያትሽ እውነታቸውን ነው» አለ ዳክታሪ። «ግን ዝንብ እስኪያልቅ ብለን ብንጠብቅ እኔም ሥራ የለኝም።»

ጄን የመጣችበት ጥያቄ ይህ አልነበረም። «መጥፋቱን ይተዋል?»

ዳክታሪ ሱሪውን አነሳ። «የሚጠፋው ሴት ፍለጋ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ይተዋል።»

«ሌላ ነገር ፍለጋ ከሆነስ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ባለቤቱ ማነው? እዚህ ላይ መፈረም አለበት።»

«አባቴ ነው። ዛምቢያ ነው ያለው።»

«ችግር የለም። ደውይለትና በስልክ ያናግረኝ፤ ይበቃል።»

«አሁን እየነዳ ነው» አለች ጄን።

ዳክታሪ ወረቀቱን መልሶ አስቀመጠ። «እሺ» አለ። «ማቆሚያው ረቡዕ ነው።»

ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ጄንና ጓደኛዋ ሻምሳ በክፍሉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሻምሳ የሰማችውን ሁሉ ደግማ መስማት ትወዳለች።

«ቆይ፣ ለእናትሽ ይኮላሽ አለ፤ ለአያትሽ ሰኔ ይሁን አለ? በአንድ ጠዋት?»

«አዎ።»

«ዋላሂ አባትሽ ሚኒስትር መሆን ነበረበት።» ሻምሳ ሳቀች፤ ከዚያ የጄንን ፊት አይታ ተወችው። «ትናንት ለአዩብ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቆመ።»

አዩብ የሻምሳ ወንድም ነው። ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ነድቶ ያድራል፤ በቀን አሥር ጊዜ የድንበሩን ኬላ አልፎ ከኬንያው ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ሰው ያደርሳል።

«ለምን አቆመ?»

«እኔ እንጃ።» ሻምሳ የጫማዋን ክር ፈታች፤ እንደገና አሰረችው። «ማርሽን ማዶ አይቼው አውቃለሁ ነው ያለው። ቆንጆ ሆኖ፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ፣ በመስኮት እያየ።»

«የማን ጋቢና?»

«አላየሁም አለ።»

«ጋቢና ውስጥ ውሻውን አይቶ ሾፌሩን አላየም?»

«አቦ ጄን፣ እኔ ምን ላድርግሽ? አላየሁም አለ።»

ደወሉ ተደወለ። ሻምሳ ቀድማ ተነሳች። ማርሽ ጠፍቶ የተመለሰባቸው ቀኖች ሁሉ ትዝ እያሏት ጄን ሁለት ክፍለ ጊዜ ምንም ሳትሰማ ተቀመጠች። ማርሽ ጠፍቶ ሲመለስ ርቦት አያውቅም። የጣሉለትን ዳቦ አሽትቶ ይተዋል። ጀርባው ላይ አንዳንዴ ግራሶ ይገኛል። ደሚቱ ይህን ግራሶ በሳሙና ስታጥብ ከየት ነው ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ያን ዕለት እራት ላይ ጄን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባባ ዛሬ ለእኔም ደወለ።»

ሁለቱም ቀና አሉ።

«ትምህርት ቤት?» አለች ደሚቱ።

«በመምህራችን ስልክ።»

«ምን አለ?» አሉ አካኮ።

ጄን ለዚህ መልስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስባበት ነበር። «ውሻው ካንቺ ጋር ነው የሚውለው፤ አንቺ ወስኚ አለኝ።»

አካኮ ጢማቸውን ዳሰሱ። ደሚቱ የልጇን ሰሐን ሳትጠየቅ ሞላችው።

«ደግ ነው» አሉ አካኮ በመጨረሻ። «ደግ ሰው ነው ሾፌሩ። ታዲያ ምን ወሰንሽ?»

«ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ። ቄራው ጋ ሞቶ ከማገኘው ይሻላል።»

ማንም አልተቃወመም። ባለቤቱ የተናገረውን ማን ይቃወማል። ጄን ለማርሽ እራት ሳትሰጠው በገመድ በሩ ላይ አሰረችው። ማርሽ ባዶ ሰሐኑን አየ፤ እሷን አየ፤ ደግሞ ሰሐኑን አየ። «ይቅርታ» አለችው። «ዳክታሪ ነው ያለው።»

ጠዋት ስትነሳ ገመዱ ብቻ ነበር፤ ጫፉ ታኝኮ ረጥቧል።

ረቡዕ ድንኳኑ ተነቀለ። ሐሙስ ማርሽ አልመጣም። ዓርብም አልመጣም። ቅዳሜ አካኮ ትምባሆ ልግዛ ብለው ወጥተው፣ ትምባሆ ያለበትን ሱቅ አልፈው፣ ኬላው ድረስ ሄደው ተመለሱ። ትምባሆ አልገዙም። ደሚቱ ሻይ ቤት ለሚገቡ ሾፌሮች ሁሉ «ትንሽ ውሻ፣ ጆሮው የተቀደደ» ትላለች፤ ከማዶ ለሚመጡት ግን ያንኑ ጥያቄ ዓይናቸውን ሳታይ ነበር የምትጠይቃቸው። ጄን ቄራው ጋ ሁለት ጊዜ ሄዳ ጥራጊ የሚጣልበትን ጉድጓድ አየች። ሆዱ ባዶ ሆኖ ነው የሄደው። በገመድ አስራ በረሃብ ባታሳድረው ኖሮ ይቆይ ነበር እያለች አሰበች።

«ሴት አግኝቶ ይሆናል» አሉ አካኮ በሳምንቱ ረቡዕ፣ ሳይጠየቁ።

«ይሆናል» አለች ደሚቱ። ያን ሳምንት ኪዳነምሕረት አንድ ጊዜ ብቻ ደወለ፤ እሱም ባጭሩ።

ጠፍቶ በዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ የአዩብ ሞተር በራቸው ላይ ቆመ። ደሚቱ ለማታ የሚሸጠውን ቻፓቲ መጥበሻ ላይ እየገለበጠች ነበር፤ ጄን ሊጥ ትዳምጣለች። አዩብ ሄልሜቱን አላወለቀም። ከኋላው ከታሰረው ካርቶን ውስጥ ማርሽን በሁለት እጁ አውጥቶ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው መሬት ላይ አስቀመጠው።

ማርሽ ታጥቧል። የተሰነጠቀው ጆሮው ተሰፍቷል። አንገቱ ላይ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን የተቆረጠ፣ ሾፌሮች ናፍጣ ለመቅዳት የሚሠሩት ዓይነት ትልቅ ማጥለያ ተደርጎለታል፤ ቁስሉን እንዳይልስ። የፕላስቲኩ ጠርዝ አንገቱን እንዳይቆርጠው ዙሪያውን በካላማዳሪ ጎማ ተሸፍኖ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሏል። ቴፑ አንድም ቦታ አልተጨማደደም።

«ማን ሰጠህ?» አለች ደሚቱ።

«ኬላው ጋ ነው የተቀበልኩት።»

«ከማን?»

አዩብ የሞተሩን ቤንዚን መክደኛ ከፈተና ዘጋ። «ማዘር፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለ። ሄደ።

አካኮ መነጽራቸውን አድርገው ተንበረከኩ። ማርሽን በጀርባው አስተኝተው የኋላ እግሩን አነሱ። እንደ አርባ ዓመት ባለሙያ አዩት፤ ብዙ ጊዜ ወሰዱ። መድኃኒቱ ሰማያዊ ነው፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዝንብ አልነካውም።

«ሳምንት ሆኖታል» አሉ። «ሥራው ንጹሕ ነው።»

«ትናንት እኮ ሲደውል...» አለች ደሚቱ።

ማርሽ ተነስቶ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል ማጥለያው የጠረጴዛውን እግር መታ። ወደ ኋላ ብሎ እንደገና ሞከረ። እንደገና መታው። ደሚቱ የጀመረችውን አልጨረሰችም።

«ጽሑፍ አለው» አሉ አካኮ። «ፕላስቲኩ ላይ። ምን ይላል?»

በዚያ ቤት የአማርኛ ፊደል የሚያነብ አንድ ሰው ነው ያለው። ደሚቱ የተማረችው በኬንያ ትምህርት ቤት ነው፤ አካኮ የትም አልተማሩም። ጄንን ያስተማራት አባቷ ነው፤ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ፣ አቧራ በያዘው መስታወት ላይ በጣቱ እየጻፈ። ስለዚህ የእጅ ጽሑፉን ታውቀዋለች።

ጄን ሊጡን ከእጇ ጠረገች። ተንበረከከች። በጥቁር ማርከር፣ በአባቷ የእጅ ጽሑፍ፣ ሦስት ቃል ተጽፏል። መጀመሪያ በልቧ አነበበችው። ቀና ስትል እናቷም አያቷም ያዩዋታል። ምን እንደሚጠብቁ ገባት፤ የሚጠብቁት የተጻፈውን አልነበረም። ሰላም በሉልኝ ይላል ብትላቸው ይበቃል። ናፍቃችሁኛል፣ ሥራ ይዞኝ ነው፣ ለፋሲካ እመጣለሁ። ፕላስቲኩ ሰፊ ነው፤ ይህ ሁሉ ይጻፍበት ነበር። የሷን ንባብ የሚያርም ሰው ደግሞ እዚህ ቤት የለም።

«እስከ ሰኞ አይውለቅ» ብላ አነበበች።

«ሌላስ?» አሉ አካኮ።

ጄን ማጥለያውን በሁለት እጇ ይዛ አዞረችው። ማርሽ ጨዋታ መስሎት አብሮ ዞረ። ዙሪያውን በሙሉ አየች፤ ቢጫ ብቻ ነው። ተመልሳ «እስከ» የሚለው ላይ ደረሰች።

«ሌላ የለም፣ አካኮ።»

አካኮ ከተንበረከኩበት አልተነሱም። ደሚቱ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። መጥበሻው ላይ ያለው ቻፓቲ ጠርዙ ጠቆረ፤ ቀጥሎ መሐሉ፤ ቀጥሎ ጭሱ ክፍሉን ሞላው። ሦስቱም አዩት። ሊያወጣው የተነሳ ግን አልነበረም።